የፎገራ ላም፦ ከገበያ እስከ ማለቢያ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ፣ ሐሙሲትን አልፋችሁ ጉማራን ከተሻገራችሁ በኋላ አገሩ ሜዳ ይሆናል። ፎገራ ይሄ ነው። በምዕራብ ጣና አለ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ደግሞ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ክረምት ላይ ሰፊው መሬት ውሃ ይተኛበታል። መስከረም ጠብቶ ውሃው ሲሸሽ ሣሩ ይወጣል። ጥቁርና ነጭ ቡሬዋ ላም ስሟን ያገኘችው ከዚህ ሜዳ ነው።

እኔ የፎገራ ላም እወዳለሁ። ረግረግ ትችላለች፣ ዝንብ ትችላለች፣ ጠባይዋም ለስላሳ ነው። ግን ብዙ ሰው ገዝቷት ሁለት ወር ሳይሞላ «ወተት የላትም» ብሎ መልሶ ሲሸጣት አያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። ይህች ላም እንደ ፈረንጅ ላም አትታለብም። ወተቷን የምትሰጠው ለጥጃዋ ነው፤ እኛ ተካፋዮች ነን። ይሄን የያዘ ሰው ጥጃው ከሚጠባው ሌላ በቀን ከ2 እስከ 4 ሊትር ያገኛል። ወተቱ ደግሞ ቅባት አለው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው እንጀምር።

1. ከላሟ በፊት ገለባውን አስቡ

300 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን 7 ኪሎ ገደማ ደረቅ መኖ ትበላለች። በዓመት 25 ኩንታል አካባቢ ማለት ነው። ይሄን የት እንደምታገኙ ሳታውቁ ላም አትግዙ። የግጦሽ ሜዳ አለን ብላችሁም አትዘናጉ። ፎገራ ውስጥ ድሮ ሣር የነበረበት ብዙ መሬት ዛሬ ሩዝ ይዘራበታል። የቀረውን ግጦሽ ደግሞ አሜኪላ እየወረረው ነው። አሜኪላውን ዘር ሳያፈራ ከነሥሩ መንቀል ነው፤ አጭዳችሁ ከተዋችሁት ተመልሶ ይመጣል።

ሩዙ ግን ገለባም ይዞ መጥቷል። ወደዚያ እመለሳለሁ።

2. ገበያ ላይ መጀመሪያ ጥጃዋን እዩ

የፎገራ ላም ስትመርጡ ቀለም ብቻውን አያስተማምንም። ሆልስታይንም ጥቁርና ነጭ ነው። የተዳቀለችውን «ንጹሕ ፎገራ» ብለው ይሸጡላችኋል፣ ወይም የፎገራዋን «ክልስ ናት» ብለው ዋጋ ይሰቅሉባችኋል። ቀንዷን እዩ፤ የፎገራ ቀንድ አጭርና ደንደን ያለ ነው። ሻኛ አላት፣ ግን ትንሽ ነው። ከአንገቷ ሥር ቆዳው ተጣጥፎ ይንጠለጠላል። ሻኛው ጠፍቶ ጀርባዋ ቀጥ ካለ፣ ግቷም ወደ ኋላ ሰፍቶ ትልቅ ከሆነ የፈረንጅ ደም አለባት።

ቀጥሎ ጥርስ። ከታች ፊት ለፊት ያሉት ስምንቱ ጥርሶች በሙሉ ተቀይረው ከሆነ ላሟ አምስት ዓመት ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ናት። ጥርሶቹ አልቀው፣ መሃላቸው ክፍተት ካለ አርጅታለች።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ከስድስት ዓመት በፊት ግቷ የሞላ፣ ጥጃ ከጎኗ የቆመ ላም ገዛሁ። ማታ ቤት ስንደርስ ጥጃውን ለቀቅኩላት። ጭራው ሥር አሸተተችው። ራሷን ነቀነቀች። ሊጠባ ሲጠጋ በኋላ እግሯ ገፋችው። ጥጃው የእሷ አልነበረም። ግቷ የሞላውም ሻጩ ሳያልባት ስላቆያት ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጠብታ ወተት ጠፋ። የዚያ ጥጃ ጩኸት እስካሁን አይረሳኝም፤ እሱም እናቱን ተነጥቆ የመጣ ነበር።

ስለዚህ ይሄን አድርጉ። ጥጃውን ከላሟ አሥር እርምጃ ያህል አርቁት። እናቱ ከሆነች ዓይኗ ይከተለዋል፣ ትጣራለች። ከዚያ ልቀቁት። የእሷ ከሆነ ከኋላው ታሸተዋለች፣ ትልሰዋለች፣ ቆማ ታጠባዋለች። ይሄን ሳታዩ ገንዘብ አትቁጠሩ።

ከዚያ ራሳችሁ እለቡ። አራቱንም ጡት ሞክሩ። አንዱ የደፈነ፣ የጠጠረ ወይም ጓል የሚያወጣ ከሆነ ተዋት። ከታለበች በኋላ ግቷን ዳስሱ። እንደ ባዶ ስልቻ ከላላ ጥሩ ነው። ታልቦም እንደ ጠጠረ ከቀረ ሥጋ ነው፤ ወተት አይወጣውም። ሻጩ የሰፈር ሰው ከሆነና ከፈቀደ ደግሞ ማታ ስትታለብ አይታችሁ፣ በማግስቱ ጧት እንደገና ብታዩ ከሁሉም ይበልጣል። ሁለት እልበት ካያችሁ አትታለሉም። የላሟን እናትና እህቶች ማየት ከተቻለማ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ።

3. የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

አዲሷን ላም ከሌሎቹ ከብቶች ለዩአት። ሁለት ሳምንት ይበቃል። መዥገሯን አስለቅሙ፣ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩአት፣ የትል መድኃኒት ይሰጣት። በመንገድ ድካምና በአዲስ ቤት ምክንያት ወተቷ መጀመሪያ ይቀንሳል፤ አትደንግጡ። የምታልባት ሴት ወይም የሚያልባት ልጅ ግን ከመጀመሪያው ቀን አንድ ሰው ይሁን። ላም እጅ ትለያለች።

በረቱ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ይሁን፣ ወለሉ ትንሽ ዘንበል ይበል። እሷ ጭቃ ትችላለች። ጥጃው ግን አይችልም።

4. የሩዝ ገለባን መኖ ማድረግ

በፎገራዋ ከተማ በወረታና በአካባቢዋ ገለባ ሞልቷል። ግን የሩዝ ገለባ ደረቁን ብቻ ከሰጣችኋት ሆዷን እንጂ ግቷን አይሞላም። ጠንካራ ነው፣ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው። በዩሪያ ብታክሙት ይለሰልሳል፣ የበለጠም ትበላዋለች። አሠራሩ ከባድ አይደለም፣ ልኩን መጠበቅ ግን ግድ ነው። ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ 4 ኪሎ ዩሪያና 80 ሊትር ውሃ ያስፈልጋል። እኔ ለማስታወስ እንዲቀል በጀሪካን ነው የምቆጥረው፤ ለ25 ኪሎ ገለባ አንድ ባለ20 ሊትር ጀሪካን ውሃና 1 ኪሎ ዩሪያ።

ውሃ የማይገባበት ቦታ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ ወይም ግድግዳ ጥግ ተጠቀሙ። ሥሩንና ጎኑን ላስቲክ አልብሱት። 25 ኪሎ ገለባ ዘርጉ። ዩሪያውን በጀሪካኑ ውሃ ውስጥ አንድም ፍሬ እስከማይቀር ድረስ አሟሙት። በውሃ ማጠጫ ገለባው ላይ እኩል ርጩት። ከዚያ በእግራችሁ ጥቅጥቅ አድርጋችሁ እርገጡት። ሌላ 25 ኪሎ፣ ሌላ ጀሪካን፣ እንደገና እርገጡ። ሲሞላ ላስቲኩን ከላይ አጥፋችሁ አፈርና ድንጋይ ጫኑበት። አየር መግባት የለበትም።

21 ቀን ይቆይ። ስትከፍቱት ዓይን የሚያስነባ ሽታ ይወጣል። ይሄ የደግ ምልክት ነው። ገለባው ከሐመር ቢጫነት ወደ ቡናማ ተቀይሮ፣ እጅ ላይ ልስልስ ይላል። ሽታ ከሌለው አየር ገብቶበታል። ሻጋታ ያለበትን ክፍል ጣሉት፤ «ትንሽ ነው» ብላችሁ አትስጡ።

ለነገ የምትሰጡትን ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አስጡት፣ ሽታው ይብረድ። የቀረውን መልሳችሁ ክደኑ። መጀመሪያ ላይ ላሟ ትሸሸዋለች። ከለመደችው ገለባ ጋር እየደባለቃችሁ በአንድ ሳምንት ውስጥ አለማምዷት።

አደጋውንም ልንገራችሁ። ዩሪያ የሟሟበትን ውሃ የጠጣች ላም ትሞታለች። ጀሪካኑን፣ ባልዲውን፣ የዩሪያ ጆንያውን ከብት ከማይደርስበት አርቁ። ስድስት ወር ላልሞላው ጥጃ የታከመ ገለባ አትስጡ፤ ሆዱ ገና አልደረሰም።

ከገለባው ሌላ ለምታልቡት ለእያንዳንዱ ሊትር ግማሽ ኪሎ ያህል ድርቆሽ ያልሆነ ኃይል የሚሰጥ መኖ ጨምሩላት። ሁለት እጅ ፉርሽካ፣ አንድ እጅ የኑግ ፋጉሎ (ዘይቱ ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው)፣ ትንሽ ጨው። ከሩዝ መፈልፈያ ቤት የሚወጣው ብናኝም ጥሩ ነው። የሩዙ ቅርፊት ግን መኖ አይሆንም፤ ሁለቱን ቀላቅለው የሚሸጡ ስላሉ እፍኝ ወስዳችሁ እዩት። አተላ ካለ ይሰጣት፣ ከበዛ ግን ሌላውን መኖ ትተዋለች። በማሳ ዳር ሰስባንያ የሚባለውን የመኖ ዛፍ ብትተክሉ ቅጠሉ በበጋ ነፍስ ያድናል።

ውሃ ሁልጊዜ ይኑር። ወተት አብዛኛው ውሃ ነው።

5. የረግረግ በሽታዎች

ፎገራ ላይ ትልቁ ጠላት የጉበት ትል ነው። በረግረጉ ውስጥ በሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ በኩል ይመጣል። ላሟ እየበላች ትከሳለች። ፀጉሯ ይቆማል፣ ወተቷ ይቀንሳል። ሲብስ ከመንጋጋዋ ሥር ውሃ የቋጠረ እብጠት ይወጣል። እብጠቱ እስኪወጣ አትጠብቁ። ከክረምት በፊትና ውሃው ከሸሸ በኋላ መድኃኒት ይሰጣት። ሐኪሙን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መድኃኒቱ ለጉበት ትል የሚሆነው መሆኑን፣ ወተቱ ደግሞ ለስንት ቀን እንደማይጠጣ።

አልቅትም አለ። ከቆመ ውሃ ስትጠጣ አፏ ወይም አፍንጫዋ ውስጥ ይጣበቃል። ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከአፍንጫዋ ደም ይንጠባጠባል። የአገራችን እረኞች እንዲህ ነው የሚያወጡት፦ ላሟን ትንሽ ውሃ ያስጠሟታል፣ ከዚያ ንጹሕ ውሃ በገበታ ያቀርቡላታል። አልቅቱ ውሃውን ሲያገኝ ብቅ ይላል። በደረቅ ጨርቅ ይያዛል፤ በባዶ እጅ ያሙለጨልጫል።

የአባ ሰንጋና የአባ ጎርባ ክትባት ከክረምት በፊት ያስከትቡ። በድንገት የሞተ ከብት ከአፍና ከአፍንጫው ደም ከወጣ አትክፈቱት፣ ሥጋውንም አትንኩ። አባ ሰንጋ ሰው ይገድላል።

6. አላለቡ

አሁን ወደ ማለቢያው ደረስን። እዚህ ጋ ነው ብዙ ወተት የሚጠፋው።

ማለቢያው ንጹሕ ይሁን። ግሬራ ወይም ቅል ከሆነ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በወይራ ይታጠን። ዘይት የነበረበት ጀሪካን ለወተት አይሆንም፤ ጥጉ አይታጠብም።

እጃችሁን ታጠቡ። ላሟን በለመደችው ቦታ አቁሟት፣ ፉርሽካዋን አቅርቡላት። ከዚያ ጥጃውን ልቀቁት። ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው እየዘለለ ይጠባል፣ ግቷን በግንባሩ ይጎሽማል። እናቲቱን እዩአት። መጀመሪያ ጆሮዋ ይንቀሳቀሳል፣ እግሯን ትለዋውጣለች። ከዚያ ዝም ትላለች። ጡቶቹ ሲወጠሩ፣ በጥጃው አፍ ዳር ነጭ አረፋ ሲወጣ ወተቷን አውርዳለች ማለት ነው። አንድ ደቂቃ ገደማ ነው የሚፈጀው።

ያኔ ጥጃውን ሳብ አድርጋችሁ ፊቷ እሰሩት። ከዓይኗ አይጥፋ፣ እንድትልሰው ቅርብ ይሁን። ጡቶቹን ለብ ባለ ውሃ አጥባችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን አንድ ሁለት ጭመቃ ጥቁር ሳህን ላይ እዩት። ጓል ወይም ደም ካለ የጡት በሽታ ጀምሯል፤ ያን ጡት መጨረሻ ላይ ለብቻው አልባችሁ ድፉት፣ ሐኪም ጥሩ።

ስታልቡ በመላ እጅ ጨምቁ እንጂ በሁለት ጣት አትጎትቱ። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ከላይ ይዘጋሉ፣ የቀሩት ጣቶች ተራ በተራ ይጨምቃሉ። መጎተት ጡት ያቆስላል። ፍጠኑ። ወተቱን ያወረደችበት ጊዜ አጭር ነው፤ ከአምስት እስከ ስምንት ደቂቃ ካለፈ ትደብቀዋለች። በመሃል ስልክ አታንሱ፣ ልጅ አይጩህ፣ ዱላ አይታይ። የደነገጠች ላም ወተት ትይዛለች። እናቴ ስታልብ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ላሟን በስሟ እየጠራች ታሞግሳት ነበር። ያኔ ልማድ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሥራ እንደነበር ገብቶኛል።

ለጥጃው አንድ ጡት ሙሉውን ተዉለት። ታልቦ ሲያልቅ ፈትታችሁ የቀረውንም ይጥባ።

ጥጃው ቢሞትስ? በቆዳው ገለባ ሞልተው፣ ጨው ነስንሰው ፊቷ የሚያቆሙ አሉ። ለአንዳንዷ ይሠራል። ይበልጥ የሚያዋጣው ግን ከመጀመሪያው በፉርሽካና በአንድ እጅ ማስለመድ ነው። ይህም ቢሆን ጊዜ ይወስዳል።

7. ኮርማ ማስጠቃት

የድራት፣ ማለት ኮርማ የመፈለጓን፣ ምልክት ለማየት ጧትና ማታ ለመንጋው ጊዜ ስጡ። ትጮኻለች፣ ሌላ ላይ ትወጣለች፣ ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጩ ክፍል የሚዝለገለግ ፈሳሽ ይወርዳል። ዋናው ምልክት ሌሎች ሲወጡባት ዝም ብላ መቆሟ ነው። ጧት ካያችሁ ከሰዓት በኋላ፣ ማታ ካያችሁ በማግስቱ ጧት አስጠቋት ወይም የማዳቀል ባለሙያውን ጥሩ። ካለፋችሁ 21 ቀን ገደማ ትጠብቃላችሁ።

ጊዜውንም አስቡበት። እርግዝናዋ 9 ወር ከ10 ቀን ገደማ ነው። ሐምሌ አጋማሽ ላይ የተጠቃች ላም ሚያዝያ ማብቂያ ላይ ትወልዳለች። ሁዳዴ አልፏል፣ ወተት ፈላጊው መጥቷል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ዝናቡ ሣር ያወጣል። ጾም መግቢያ ላይ የምትወልድ ላም ወተቷ ወደ ቅቤ ነው የሚሄደው።

በየትኛው ኮርማ? ይሄ ላይ አቋም አለኝ። መኖ በደንብ ካላችሁ፣ ሐኪምም ቅርብ ከሆነ ከፈረንጅ ጋር ማዳቀል ወተት ይጨምራል። ቻግኒ አካባቢ ያለው የመተከል ከብት እርባታ ጣቢያ የፎገራ ላሞችን ከሆልስታይን እያዳቀለ ጊደሮችን ለገበሬ ሲያሠራጭ የኖረው ለዚህ ነው። በገለባና በረግረግ ግጦሽ ለምትኖር ላም ግን ንጹሕ የፎገራ ኮርማ ይሻላል። ክልሷ ብዙ ትበላለች፣ ዝንቡንና ረግረጉን እንደ እናቷ አትችልም። ሁሉም ሰው ካዳቀለ ደግሞ ዘሩ ያልቃል። ባሕር ዳር አጠገብ ያለው የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ማዕከል ንጹሑን ዘር ይዞ ሲሠራ ቆይቷል፤ አንድ ማዕከል ብቻውን ግን ዘር አያድንም። ቢያንስ ምርጧን ላማችሁን በፎገራ ኮርማ አስጠቁ። ኮርማውን ስትመርጡ ትከሻውን አይታችሁ አትመለሱ፣ እናቱ ስንት እንደምትታለብ ጠይቁ።

8. ስትወልድ

ጥጃው እንደ ወደቀ አፍንጫውን ጥረጉ፣ እናቱ ትላሰው። እትብቱን አዮዲን ንከሩት። እንገሩን በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ይጥባ። መቆም ካቃተው ደግፋችሁ አስጠቡት። በሽታ የሚከላከልለት ያ እንገር ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ አንጀቱ አይቀበለውም። እንገር እንደምንወድ አውቃለሁ፣ ልጆችም ማሰሮው ዙሪያ ይከባሉ። የእኛ ድርሻ ጥጃው ጠግቦ ከተረፈ ነው። አራት አምስት ቀን ታገሡ።

አዲስ ቤት ስንገባ «እምቦሳ እሰሩ» የምንባባለው እኮ ወደን አይደለም። እምቦሳ ያለበት ቤት ወተት አለ።

ጥጃውን ቶሎ አታስጥሉት። ብዙዎቹ የፎገራ ላሞች ጥጃው ሲለይ ይነጥፋሉ። ከአንድ ወር ጀምሮ ለስላሳ ሣርና ትንሽ ፉርሽካ አስለምዱት፣ መጥባቱን ግን ይቀጥል።

9. ወተቱ፣ ከዚያም ማንጠፍ

ወተቱን በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉ፣ ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡ፣ ለመጠጥ ከሆነ አፍሉት። ቅቤ ለማውጣት እርጎው ሁለት ሦስት ቀን ይርጋ። መናጫውን ከግማሽ በላይ አትሙሉት፤ ከሞላ ይናጣል እንጂ ቅቤው አይሰበሰብም። ለአንድ ኪሎ ቅቤ ከ15 እስከ 20 ሊትር ወተት አስቡ።

ለመውለድ ሁለት ወር ሲቀራት ማለብ አቁሙ። መጀመሪያ ፉርሽካውን ቀንሱ፣ ቀጥሎ በቀን አንዴ እለቡ፣ ከዚያ ተዉ። ትልቁን ጥጃ ያኔ ከእሷ ለዩት፤ አለበለዚያ የአዲሱን እንገር እሱ ይጨርሰዋል። የመጨረሻው ወር ላይ ፉርሽካውን እንደገና ጀምሩላት። በረቱ ጥግ ላይ ደረቅ ገለባ አንጥፉ።